ርካሹን ስንገዛ ምን እንተዋለን?

በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር



ዛሬ ማታ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ፤ የበጀት ዓመት በተቃረበ ቍጥር በየመሥሪያ ቤቱ የሚነሣ፤ ነገር ግን በቂ ጊዜ ተሰጥቶት ሲመከርበት እምብዛም የማይታይ ጉዳይ ነው። ይኸውም ለመሥሪያ ቤት ሥራ የሚያገለግል ሶፍትዌር ስንገዛ፤ ዋጋው ዝቅ ያለውን ፈቃድ መርጠን የምናተርፈው ገንዘብና በዚሁ ምክንያት የምናጣው ጥበቃ በአንድ ሚዛን ላይ ቢቀመጡ የትኛው ይደፋል? የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩን ሲሰሙት የኮምፒዩተር ዐዋቂዎች ብቻ የሚነጋገሩበት ይመስላል። ይሁን እንጂ ውሳኔውን የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒዩተር ዐዋቂዎች አይደሉም። የሒሳብ ሹሙ፣ የግዢ ክፍል ኀላፊው፣ የአስተዳደር ኀላፊውና አንድ የቃለ ጉባኤ ጸሓፊ ናቸው። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የግዢ ኮሚቴ ውስጥ በጸሓፊነት ተቀምጬ ስለ ነበር፤ ንግግሬን ከዚያው ስብሰባ ልጀምር።

በዚያን ቀን በፊታችን የቀረበው የማወዳደሪያ ሠንጠረዥ አምስት ዐምዶች ነበሩት፤ ተራ ቍጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋና ጠቅላላ ድምር። ከቀረቡት ሁለት ፈቃዶች አንደኛው ከሌላው በብዙ ይረክስ ነበር። ሰብሳቢው በዕድሜም በአገልግሎትም የገፉ፤ የመንግሥትን ገንዘብ እንደ ዐይናቸው ብሌን የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። ውሳኔው ሊጻፍ ሲል፤ ማብራሪያ እንድትሰጥ ከኮምፒዩተር ክፍል የተጠራች አንዲት ወጣት ባለሙያ እጇን አነሣችና፤

«ክቡር ሰብሳቢ፤ በርካሹ ፈቃድ ውስጥ ማን ገባ፣ ከየት ገባ፣ የትኛውን ደብዳቤ ከፈተ የሚለው መዝገብ ተሟልቶ አይገኝም። የሚገኘውም ቢሆን ብዙ ሳይቈይ ይጠፋል» አለች።

ሰብሳቢውም በለሰለሰ ቃል፤ «ልጄ፤ እስከ ዛሬ የተሰረቀብን ደብዳቤ አለ?» ሲሉ ጠየቋት።

«አናውቅም» ብላ መለሰች።

«የማይታወቅ ከሆነማ የለም ማለት ነው» አሉ።

ሁላችንም ሣቅን። እኔም ብዕሬን አንሥቼ፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ፈቃድ እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ የተወሰነ መሆኑን ጻፍሁ። ልጅቱ በኮሚቴው ውስጥ ድምፅ አልነበራትም። የተናገረችውንም አልጻፍሁትም። የዚህን ስብሰባ መጨረሻ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ጉዳዩ ፍሬ ነገር ከመግባታችን በፊት፤ የሶፍትዌር ፈቃድ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ማስረዳት ይገባል። ወንበር የገዛ ሰው የወንበሩ ባለቤት ይሆናል። ሶፍትዌር የገዛ ሰው ግን የገዛው የመጠቀምን መብት ነው እንጂ ሶፍትዌሩን አይደለም። ቀድሞ ይህ መብት አንድ ጊዜ ተከፍሎበት በዲስክ ይመጣ ነበር። ዛሬ ግን ብዙዎቹ ሻጮች በየሠራተኛው ራስ ተቈጥሮ በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈል ኪራይ አድርገውታል። ኪራይም ስለ ሆነ አከራዩ አንዱን ቤት በሦስት ዓይነት ዋጋ ያከራያል። በዝቅተኛው ዋጋ ቤቱንና በሩን ይሰጣል፤ በመካከለኛው ቤቱን ከነዕቃው ይሰጣል፤ በከፍተኛው ደግሞ ከነዕቃው፣ ከነአጥሩና ከነዘበኛው ይሰጣል። ተከራዩ ሦስቱን ቤቶች በቀን ብርሃን ሲያያቸው ያን ያህል አይለያዩበትም። ልዩነታቸው የሚታወቀው በሌሊት ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ የታወቀ ምሳሌ ልጥቀስ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. በአሜሪካ በነበረው የዋጋ ዝርዝር መሠረት፤ ማይክሮሶፍት ለአነስተኛና ለመካከለኛ ድርጅቶች የሚሸጠው ማይክሮሶፍት 365 የተባለው ፈቃድ፤ በዓመት ውል ለአንድ ሠራተኛ በወር ቤዚክ የሚባለው 6 ዶላር፣ ስታንዳርድ የሚባለው 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ ፕሪሚየም የሚባለው 22 ዶላር ነበር። ከስታንዳርድ ወደ ፕሪሚየም ሲታለፍ የደብዳቤ መጻፊያው አይለወጥም፤ የሒሳብ ሠንጠረዡም፣ ኢሜይሉም ያው ነው። የሚጨመረው በተለይ ጥበቃ ነው። ይኸውም የሠራተኛው ስልክ ወይም ላፕቶፕ ቢጠፋ በውስጡ ያለውን የመሥሪያ ቤት ሰነድ ከሩቅ ማጥፋት፤ ከማይታወቅ ስፍራ ወይም ካልተመዘገበ ኮምፒዩተር ለመግባት የሚሞክረውን ሰው በሩ ላይ ማስቆም፤ እንዲሁም በኮምፒዩተሮቹ ላይ የሚደርሰውን ጥቃት ተከታትሎ ማስታወቅ ነው።

እንግዲህ 200 ሠራተኞች ያሉት አንድ መሥሪያ ቤት እናስብ። በሁለቱ ፈቃዶች መካከል ያለው ልዩነት በወር ለአንድ ሰው 9 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። በዓመት ለ200 ሰው 22,800 ዶላር ይሆናል። በአገራችን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር አለፈ። ዶላሩ በ120 ብር ቢታሰብ፤ ልዩነቱ ብቻ በዓመት 2,736,000 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ ስንት ነገር ሊሠራበት እንደሚችል የሚያውቅ የሒሳብ ሹም፤ «በዐይን የማላየውን ነገር በዚህ ዋጋ አልገዛም» ቢል ሊፈረድበት አይገባም። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ ቍጠባም የሚመሰገን ጠባይ ነው።

ሆኖም ቍጠባ የሚባለው የቈጠቡትም፣ ያጡትም በአንድነት ተቈጥሮ ሲታወቅ ነው። ያጡትን ሳይቈጥሩ መቈጠብ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው ይሆናል። ስለዚህ የምናጣውን ለይተን እንወቀው።

በሶፍትዌር ውስጥ ያለው ጥበቃ በሦስት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው በር ነው፤ ማለት የማይገባው ሰው እንዳይገባ የሚከለክለው ነው። ሁለተኛው ዘበኛ ነው፤ ይኸውም በሩን አልፎ የገባውን አይቶ የሚጮኸው ነው። ሦስተኛው የዘበኛው መዝገብ ነው፤ ማን በስንት ሰዓት ገባ፣ ምን ይዞ ወጣ የሚለው ጽሑፍ ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የዚህን የሦስተኛውን ትርጉም ከማንም በላይ እናውቃለን። የመዝገብ ቤታችን የገቢና የወጪ መዝገብ ቢጠፋ፤ ደብዳቤዎቹ ሁሉ በየማኅደራቸው ቢገኙ እንኳ፤ የትኛው ደብዳቤ መቼ እንደ መጣ፣ በማን እጅ እንዳለፈ፣ ለማን እንደ ተመራ የሚያስረዳ ሰው አይገኝም። በሩ ቢሰበር ሌላ በር ይገጠማል፤ ዘበኛው ቢተኛ ሌላ ይቀጠራል። ያልተጻፈ መዝገብ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ሊጻፍ አይችልም።

ይህንን ጕዳይ ለዓለም ሁሉ ግልጽ ያደረገ አንድ ታሪክ በአሜሪካ ተፈጽሟል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በግንቦት ወር 2023 ዓ.ም. ከቻይና የተነሡ ናቸው የተባሉ ሰርጎ ገቦች፤ ማይክሮሶፍት በ2016 ዓ.ም. ያበጀው አንድ የምስጢር ቍልፍ በእጃቸው ገብቶ ስለ ነበር፤ በዚያ ቍልፍ የሐሰት የመግቢያ ወረቀት እያተሙ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የኢሜይል ሣጥን ውስጥ ገቡ። ከተጐዱት መካከል የዚያን ጊዜ የአሜሪካ የንግድ ሚኒስትር የነበሩት ጂና ራይሞንዶና በቻይና የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ኒኮላስ በርንስ ይገኙበታል። የተነኩት ድርጅቶች 22፤ ሰዎቹም ከ500 በላይ ነበሩ። ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ብቻ 60,000 ያህል ደብዳቤዎች ተወስደዋል።

ታዲያ ይህንን ማን አወቀው? ቍልፉ የጠፋበት ማይክሮሶፍት አልነበረም። ያወቁት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የጥበቃ ሠራተኞች ናቸው። ሚኒስቴሩ ውዱን ፈቃድ ገዝቶ ስለ ነበር፤ እያንዳንዱ ደብዳቤ በማን እንደ ተከፈተ የሚመዘግበው መዝገብ ነበረው። ሠራተኞቹም በዚያ መዝገብ ላይ ራሳቸው ያዘጋጁት የማስጠንቀቂያ ደንብ ነበራቸው፤ «ትልቁ ቢጫ ታክሲ» የሚል ቅጽል ስም ሰጥተውታል። በሰኔ አጋማሽ 2023 ዓ.ም. ደንቡ ጮኸ፤ ሚኒስቴሩም ለማይክሮሶፍት አስታወቀ፤ ነገሩም ተገለጠ። ያን መዝገብ የማያካትተውን ርካሽ ፈቃድ የገዙ ድርጅቶች ግን፤ ሌባው በቤታቸው ቢመላለስም በራሳቸው መዝገብ ሊያዩት የሚችሉበት መንገድ አልነበረም። ከጐረቤት ሲነገራቸው ነው የሰሙት።

ከዚህ በኋላ «መዝገብን ያህል ነገር ለብቻው እንደ ቅንጦት ዕቃ መሸጥ ተገቢ ነውን?» የሚል ወቀሳ በረታ። በሐምሌ 2023 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ብዙውን የመዝገብ ዓይነት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለርካሹም ፈቃድ እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ መደበኛው መዝገብ የሚቈይበትም ጊዜ ከ90 ቀን ወደ 180 ቀን ከፍ አለ። የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው የሳይበር ደኅንነት ገምጋሚ ቦርድም በሚያዝያ 2024 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፤ ጥቃቱ ሊቀር ይችል እንደ ነበረና የድርጅቱ ስሕተቶች ተደራርበው ያመጡት መሆኑን ገለጸ።

አድማጮች፤ ከዚህ ታሪክ ችኰላ የተሞላበት ትምህርት እንዳንወስድ እለምናለሁ። ውዱ ፈቃድ ሌባውን አላስቆመውም። በሩን የከፈተው የሻጩ የራሱ ጥፋት ነው፤ ውዱን የገዛውም፣ ርካሹን የገዛውም እኩል ተሰርቀዋል። ውዱ ፈቃድ የሰጠው ጥቅም አንድ ብቻ ነው፤ የተሰረቀው ሰው መሰረቁን እንዲያውቅ አደረገው። ይህም ቢሆን መዝገቡ ስለ ተገዛ ብቻ የሆነ አይደለም፤ መዝገቡን የሚያነብ ሰው ስለ ነበረ ነው። መዝገቡ ተገዝቶ አንባቢ ባይኖረው ኖሮ፤ ገንዘቡም ደብዳቤውም አብረው በጠፉ ነበር።

ይህንኑ የሚያጠናክር ሌላ ታሪክ ከእንግሊዝ አገር ልጨምር። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኤክስፒ ለተባለው አሮጌ ሶፍትዌር የደኅንነት ማሻሻያ መስጠቱን በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ባቆመ ጊዜ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ለመሥሪያ ቤቶቹ ማሻሻያው ለአንድ ዓመት እንዲቀጥል 5 ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ ያህል ከፈለ። በ2015 ዓ.ም. ውሉ አልታደሰም። ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው፤ ፋይል ቈልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ በዓለም ተሠራጨ። በእንግሊዝ ከሚገኙት 236 የመንግሥት የጤና ድርጅቶች 81ዱ ተጐዱ፤ ከ19,000 በላይ የሕሙማን ቀጠሮዎች እንደ ተሰረዙ ተገምቷል፤ ጠቅላላ ጕዳቱንም የጤና ሚኒስቴሩ 92 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አድርጎታል።

ይህን የሰማ ሰው፤ «እነሆ፤ 5 ሚሊዮን ተኩል ሊያተርፉ 92 ሚሊዮን ከሰሩ» ይል ይሆናል። ዳሩ ግን ነገሩ በደንብ ሲመረመር እንዲህ አይደለም። በጤና ድርጅቶቹ ውስጥ በቫይረሱ ከተያዙት ኮምፒዩተሮች የሚበዙት የድሮው ኤክስፒ ሳይሆኑ፤ ዊንዶውስ 7 የነበሩ ናቸው። ለዊንዶውስ 7 ደግሞ ቫይረሱን የሚከለክለው ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት፤ መጋቢት 14 ቀን፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወጥቶ ነበር። ያልተገኘው ማሻሻያው አይደለም፤ ማሻሻያውን የሚጭነው እጅ ነው። እንግዲህ በአንደኛው ታሪክ የተከፈለበት ጥበቃ ሠሪ አግኝቶ ጠቀመ፤ በሁለተኛው ታሪክ የተገኘው ጥበቃ ሠሪ አጥቶ ከንቱ ቀረ። ሁለቱ ታሪኮች ተደምረው የሚያስተምሩት ይህንን ነው፤ ጥበቃ ማለት የተገዛውና የተሠራበት ተባብረው ነው እንጂ፤ አንዱ ብቻውን ጥበቃ አይባልም።

አሁን ወደ ጀመርሁት ስብሰባ ልመለስ። ርካሹ ፈቃድ ከተገዛ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው፤ በግዢ ክፍል የምትሠራ አንዲት ጸሓፊ «የላክሽው ደብዳቤ ሊደርስ አልቻለም» የሚል ማስታወቂያ በኢሜይሏ ደረሳት። ደብዳቤው አልደረሰውም የተባለው ሰው አድራሻ ፈጽሞ የማታውቀው ነበር። የኮምፒዩተር ክፍል ሲመረምረው፤ ወደ እርሷ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ግልባጩ ወደ አንድ የውጭ አድራሻ በራሱ እንዲሄድ በሣጥኗ ውስጥ ትእዛዝ ተቀምጦ ተገኘ። የዚያ አድራሻ ሣጥን በመሙላቱ ባይመለስ ኖሮ አሁንም ባልታወቀ ነበር።

ጨረታ ተከፍቶ ነበርና የተጫራቾች ዋጋ በዚያ ሣጥን ውስጥ አልፏል። ሰብሳቢው ያችን ወጣት ባለሙያ አስጠርተው፤ «ይህ ነገር የተጀመረው ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲሉ ጠየቋት።

«አናውቅም» አለች። «መዝገቡ የሚቈየው ለጥቂት ጊዜ ስለ ነበር ጠፍቷል።»

በዚህ ጊዜ የሣቀ ሰው አልነበረም። የትኛው ደብዳቤ እንደ ተነበበ ስላልታወቀ፤ ሁሉም እንደ ተነበበ ተቈጠረ። ጨረታው ተሰርዞ እንደ ገና ወጣ፤ ተጫራቾች አቤት አሉ፤ ከክረምት በፊት መድረስ የነበረበት ዕቃ ከመስቀል በኋላ ደረሰ። በጸሓፊዋም ላይ፤ አንድም ጥፋት ሳይገኝባት፤ ለብዙ ወራት የጥርጣሬ ዐይን ተጣለባት። ንጽሕናዋን ሊያስረዳላት ይችል የነበረው ያው የጠፋው መዝገብ ነበር። በዚያው ሰሞን ሰብሳቢው ከቢሮ ስንወጣ ጠሩኝና፤ «ያን ቀን ልጅቱ ያለችውን ጽፈኸው ነበርን?» አሉኝ። «አልጻፍሁትም» አልኋቸው። ምንም ሳይናገሩኝ ሄዱ።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ይህን የተናገርሁት ርካሹን ፈቃድ የገዛ ሁሉ ተሳስቷል ለማለት አይደለም። በጀቱ ለማይበቃው መሥሪያ ቤት ውዱን ግዛ ብሎ መምከር ምክር አይባልም። ይልቁንስ የሚከተሉትን ነገሮች ማመዛዘን ይጠቅማል እላለሁ።

መጀመሪያ፤ ሳይከፈልበት የተገኘውን ጥበቃ አስቀድሞ መጠቀም ነው። ከይለፍ ቃል በኋላ በስልክ የሚመጣው ሁለተኛው ማረጋገጫ በርካሾቹ ፈቃዶችም ብዙ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ዋጋ ይገኛል። ስንት መሥሪያ ቤት ግን «ሠራተኛው ይሰለቻል» በማለት ዘግቶት ይኖራል! የሶፍትዌር ማሻሻያም እንዲሁ በነጻ እየመጣ፤ «ኋላ አስታውሰኝ» እየተባለ ይመለሳል። በእጁ ያለውን ቍልፍ የማይቈልፍ ሰው ሁለተኛ ቍልፍ ቢገዛ ምን ይጠቅመዋል?

ሁለተኛ፤ ፈቃዱን ለሁሉም በአንድ ዓይነት መግዛት ግዴታ አይደለም። ከ200ው ሠራተኞች መካከል ክፍያ የሚያዝዙት፣ ጨረታ የሚይዙት፣ የሠራተኛ ማኅደር የሚጠብቁትና ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድሩት 30 ሰዎች ቢሆኑ፤ ለእነርሱ ብቻ ከፍ ያለው ፈቃድ ቢገዛ ተጨማሪው ወጪ ቀደም ባልሁት ዋጋ በዓመት 3,420 ዶላር፤ በብር 410,400 ይሆናል። ይህ ከ2,736,000 ብር ጋር ሲነጻጸር የሚቻል ነው። ሆኖም ሌባ ብዙ ጊዜ የሚገባው በተናቀው በር ስለ ሆነ፤ የቀሩትም 170 ሰዎች ነጻ የሆነው ጥበቃ ሊጓደልባቸው አይገባም።

ሦስተኛ፤ ከሁሉም በፊት ስለ መዝገቡ መጠየቅ ነው። ሻጩን «ይህ ፈቃድ ምን ምን ይመዘግባል? ስንት ቀንስ ያቈያል?» ብለን እንጠይቀው። ቀኑ አጭር ከሆነ መዝገቡን በየጊዜው እየገለበጡ በራስ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ወጪውም ከውዱ ፈቃድ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህንን የሚያደርገው ሰው ስሙ ታውቆ፤ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ሊጻፍለት ይገባል። የሁሉም የተባለ ሥራ የማንም አይደለምና።

አራተኛ፤ «ነጻ» የሚባለውን በትክክል መለየት ነው። እንደ ሊብሬ ኦፊስ ያሉ ለማንም የተፈቀዱ ነጻ ሶፍትዌሮች አሉ፤ የፈቃድ ዋጋም የለባቸውም፤ ለብዙ ሥራ ይበቃሉ። ይሁንና የማሻሻሉና የመከታተሉ ሥራ በራሳችን ላይ ስለሚወድቅ፤ ከፈቃዱ የተረፈው ገንዘብ በከፊል ለሠለጠነ ሰው ደመወዝ መዋል አለበት። ያለ ፈቃድ ተባዝቶ በፍላሽ የሚዞረው ሶፍትዌር ግን ከዚህ ጋር ሊቈጠር አይገባውም። መቈለፊያውን የሰበረው እጅ በውስጡ ምን ጨምሮ እንደ ሰጠን አናውቅም፤ ማሻሻያም በሥርዐቱ አይደርሰውም። ጠርጥር፤ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይላል ያገራችን ሰው።

አምስተኛ፤ ዛሬ ርካሽ የመሰለው ነገ ምን እንደሚያስከፍል ማየት ነው። በብዙ ቢሮ የምናውቀው ዊንዶውስ 10 መደበኛ ማሻሻያው ጥቅምት 14 ቀን 2025 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አብቅቷል። ማሻሻያው እንዲቀጥልለት የሚፈልግ ድርጅት ለአንድ ኮምፒዩተር የመጀመሪያውን ዓመት 61 ዶላር እንዲከፍል፤ ዋጋውም በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ እስከ ሦስት ዓመት እንዲሄድ ተወስኗል። አሮጌውን ይዞ መቈየት ዋጋ የሌለው ቍጠባ ይመስላል፤ ነገር ግን ዘበኛው ተሰናብቶ ከሄደ ቤት ውስጥ ተኝቶ ማደር ነው።

ከዚህም ጋር በእጃችን ያለው ሰነድ የእኛ ብቻ አለመሆኑን እናስብ። የባለጉዳዩ ስም፣ የመታወቂያው ቍጥር፣ የሕመሙ ማስረጃ፣ የይዞታ ካርታው በአደራ የተቀመጠ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016ም ይህንን አደራ የሕግ ግዴታ አድርጎታል። የራሱን ገንዘብ የሚቈጥብ ሰው አደጋውንም ራሱ ይሸከማል። እኛ ግን በርካሹ ስንገዛ አደጋውን የሚሸከመው በመስኮቱ በኩል ተሰልፎ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ነው፤ እርሱም በኮሚቴው ውስጥ ድምፅ የለውም።

ንግግሬን ለመጨረስ ለግዢ ኮሚቴ አባላት፤ በተለይም እንደ እኔ በጥግ ተቀምጠው ለሚጽፉት ጸሓፊዎች፤ አንዲት ሐሳብ አቀርባለሁ። በማወዳደሪያው ሠንጠረዥ ላይ ስድስተኛ ዐምድ ይጨመር። ርእሱም «የሚተወው ጥበቃ» ይባል። ከቃለ ጉባኤውም በታች ሁለት መስመር ይጻፍ፤ አንደኛው «ይህን ፈቃድ በመምረጣችን እነዚህን ጥበቃዎች ትተናል» የሚል፤ ሁለተኛው «በእነርሱ ፈንታ ይህንን ሥራ እገሌ እንዲሠራ ተወስኗል» የሚል ይሁን። ይህ ምንም ዶላር አይጠይቅም። ርካሹን መግዛት አያስነውርም፤ የተዉትን ሳያውቁ መግዛት ግን ያስነውራል። ኮሚቴው ሁለቱን መስመሮች ጽፎ በስሙ ሥር ለመፈረም እጁ ከተንቀጠቀጠ፤ ዋጋው ርካሽ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ያውቀዋል።

ያች ወጣት ባለሙያ በሁለቱም ጊዜ የሰጠችው መልስ አንድ ነበር፤ «አናውቅም» የሚል። በመጀመሪያው ቀን እንደ መልካም ዜና ተቀበልነው፤ በሁለተኛው ቀን የፍርድ ያህል ከበደን። የማይታወቅ ነገር የለም ማለት አይደለም። የዛሬው ንግግሬ ከዚህ የበለጠ የሚያስታውሱት ነገር ባይኖረው፤ ይህንኑ ብቻ ይዛችሁልኝ ብታድሩ ይበቃኛል።